የጋሽ ዘለቀ የስህተት ደብተር

ማርቆስ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያሳጥርም። እኔን፣ ልጆቼን፣ ጉልበቴን፣ የአዲስ አበባን ብርድ ሳይቀር ተራ በተራ ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ያን ቀን ግን ስልኩን እንዳነሳሁ፣ «እህት ማርታ፣ ጋሽ ዘለቀ ዐረፈ» አለኝ። ማርቆስ የቤንች ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ አንቱታን ለምዶ አያውቅም። ጋሽ ዘለቀም ይህን ይወዱለት ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። እሱ ግን ቀጠለና፣ «ላንቺ ደብተር አስቀምጧል። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ስምሽን ጽፎበት። እኔ ጋ ነው ያለው» አለኝ።

የምን ደብተር እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሸሸው የኖርኩት ደብተር ነው።

እንጀራዬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጸጉሬ እስኪሸብት የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ወጣቶቹ «የት ነው የተማርሽው?» ሲሉኝ የባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ስም የምጠራላቸው ይመስላቸዋል። «ቴፒ፤ በሰርዲን ጣሳና በቡና ፍሬ» ስላቸው ይስቃሉ። አልቀየማቸውም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። የምቆጣው ሳይጠይቁ ሲቀሩ ነው። ያኔ ለምን እንደዚያ እንደምንገበገብ አይገባቸውም፤ ነግሬያቸውም አላውቅ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ሸኮ ተወልጄ፣ ሚዛን ተፈሪ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃ ሲለኝ ቴፒ አጠገብ በነበረ የመንግሥት ቡና እርሻ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ጋሽ ዘለቀ እዚያው የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ ካርድ እየበሳ የሚቆጥር ትልቅ ማሽን ባለበት መሥሪያ ቤት ነው የኖሩት። አንድ ስብሰባ ላይ የማሽኑ ቁጥርና የአለቃቸው ንግግር አልገጥም ቢል፣ «ማሽኑ ንግግሩን አልሰማም» አሉ። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው። ኮምፒዩተር በሌለበት አገር የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆነው ሦስት ዓመት ቴፒ ተቀመጡ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ከደረት ኪሳቸው ሦስት እርሳስ አይጠፋም። እስክሪብቶ አይወዱም፤ «እስክሪብቶ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ነው» ይላሉ። አንድ ቀን የእጅ ጽሑፋቸውን ታይፕ ሳደርግ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ነገር ከመጀመሪያው ጋር ስላልገጠመልኝ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ። «ሌላው ታይፒስት ዝም ብሎ ነበር የሚመታው» አሉና ሳቁ። ኮምፒዩተር ሊመጣ መሆኑና ረዳት እንዲመርጡ መታዘዛቸው የተሰማው በዚያው ሰሞን ነው። እኔን መረጡ። በመጠየቄ ነው የተመረጥኩት፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ማሽኑ እስኪመጣ አልጠበቁም። በማግስቱ ጠረጴዛቸው ላይ አምስት ባዶ የሰርዲን ጣሳና አንድ ጆንያ ጥግ የሚሆን ደረቅ ቡና ነበር። ጣሳዎቹ የማሽኑ ሆድ ናቸው፤ ፍሬዎቹ ቁጥር። እኔ ትእዛዙን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ማሽን ይሆናሉ።

«ይህቺ ጣሳ ስሟ ማን ነው?»

«ሀ።»

«ውስጧ ያለው ምንድነው?»

«የገንዳ ብዛት።»

«እንግዲያው ስሟ የገንዳ ብዛት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ቢሮ መልአክ የለም፤ ያለሽው አንቺ ነሽ። ከስድስት ወር በኋላ ስትመለሺ አንቺም ለገዛ ሥራሽ እንግዳ ነሽ። ለእንግዳ ደግሞ ደጃፍ ላይ ስም ይጻፍለታል።»

ዛሬ ተማሪዎቼ ትርጉም የሌለው ስም ሲሰጡ የማስተካክላቸው በዚህችው ቃል ነው። የማን ቃል እንደሆነች ግን አያውቁም።

አንድ ቀን «ወደ ጣሳው አንድ ፍሬ ጨምር፤ ወደ መጀመሪያው ተመለስ» ብዬ ጻፍኩላቸው። መጨመር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ። ጣሳው ሞላ። ቀጠሉ። ፍሬው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ። ፊታቸው እንደ ቀብር ላይ ሰው ኮስተር ብሏል። የምሳ ደወል ተደወለ፤ ሠራተኛው ወጣ፤ እሳቸው ይጨምራሉ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይበቃል!»

«የት ላይ ነው ይበቃል የሚለው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

የቢሮው ሻይ አፍዪ እትዬ በላይነሽ ሰሐኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ «ውይ በሞትኩት፣ ሰውዬው ጤናም የላቸው?» አለች። እየሮጥኩ ወረቀቱ ላይ «ሃምሳ ሲሞላ አቁም» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው እጃቸውን ሰብስበው ምሳቸውን ሊበሉ ተነሡ። እኔ ከወንበር ሥር ተንበርክኬ ለቀምኩ። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አሉኝ ከበሩ ላይ፤ ተረቱን እንደዚያ ቀን ቃል በቃል የኖርኩት ጊዜ የለም።

መጽሐፋችን አንድ ነበር፤ ሽፋኑ የጠፋ፣ እንግሊዝኛ፣ ገጹ በእርጥበት ያበጠ። ጋሽ ዘለቀ ምዕራፍ በምዕራፍ ገንጥለው እያንዳንዱን በጆንያ ክር ሰፍተውታል። አንዱን ምዕራፍ ያበድሩኛል፤ ሁለተኛውን ለማግኘት ግን የመጀመሪያውን ለሌላ ሰው ማስተማር አለብኝ። ሌላ ሰው ማለት እትዬ በላይነሽ ናት። «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያን አድርግ» የሚለውን ምዕራፍ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። ጨርቋን ስኒዎቹ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ታዲያ ይሄ የኔ ሥራ አይደል? ስኳር ከመጣ ሻይ፣ ስኳር ከጠፋ ጨሞ» አለችኝ። ጨሞ የአገሬው መጠጥ ነው፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር የሚፈላ። በዚያ ዘመን ስኳር የሚጠፋበት ቀን ስለሚበዛ እትዬ በላይነሽም አፈላሉን ተክናበታለች። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲሰሙ ሁለተኛውን ምዕራፍ ሰጡኝ። ለእሷም አንድ እርሳስ ሸለሟት።

ማሽኑ በጅማ፣ በቦንጋ፣ በሚዛን ዞሮ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደረሰ። ጋሽ ዘለቀ እንደ ታማሚ ነበር የተቀበሉት። የቴፒ እርጥበት ጫማ ላይ ሻጋታ ስለሚያበቅል ሥራችን የሚቀመጥባቸውን ፍሎፒዎች እርጥበት የሚመጥ ከሰል ባለበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖሩ። የሠራነውን ሁሉ በሁለት ይገለብጣሉ፤ «አንዱ እኔ ቤት፣ አንዱ አንቺ ቤት። የሁለታችንም ቤት ባንድ ቀን አይቃጠልም።» ጄኔሬተሩ ማስነጠስ ሲጀምር ከሁሉ በፊት ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ መራገም። ማሽኑ ጽሑፍ አውጥቶ ሲቆጣኝ ደንግጬ ባጠፋው፣ «ሰው ሲቆጣሽ ጥለሽ ትሮጫለሽ? ምን እንደሚል አንብቢው እንጂ!» አሉኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ቦታ ባንዴ አስተካክዬ ሥራው ቀና ቢልልኝ ደስ አልተሰኙም። «ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከነካሽ፣ ቢድን መድኃኒቱን አታውቂም፤ ቢሞት ገዳዩን አታውቂም» ብለው እንደገና አበላሽተው አንድ በአንድ አስጠገኑኝ።

ደብተሩ ያኔም ነበር። ተራ የተማሪ ደብተር፣ ሽፋኑ ሰማያዊ። ለእያንዳንዱ ስህተታቸው አራት ጥያቄ ይመልሱበታል፦ ምን ሆነ፤ ምን መሰለኝ፤ ምን ነበር፤ ማንን መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን ብቻ በእስክሪብቶ ነው የሚጽፉት። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ስህተቴ ብቻ ነው» አሉ። ወረቀት ስለሚቸግር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አጣበው ይጽፋሉ፤ አንድ መስመር ባዶ አያልፉም። የሰው ስህተት አይጽፉም። እኔ ያጠፋሁትን አንድ ጊዜ «ይህን አይመዘግቡትም?» ብላቸው፣ «ያንቺ ደብተር የት ሄደና» አሉኝ። በማግስቱ አንድ ገዛሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ቀይ እሸት ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ማብላያ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ላዩ ያለው ልጋግ እስኪለቅ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ይታጠባል። ከልክ በላይ ከቆየ ይሸታል። እርሻው አምስት ማጠቢያ ጣቢያ ነበረው። የየጣቢያው ገንዳ ጠባቂ ቡናው የገባበትንና የወጣበትን ቀንና ሰዓት መዝገብ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ሥራ አስኪያጁ የእያንዳንዱ ገንዳ ቆይታ በኮምፒዩተር ተሰልቶ እንዲወጣለት አዘዘ። ጋሽ ዘለቀ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮግራሙን ለኔ ሰጡኝ።

«ከመጻፍሽ በፊት አምስቱም ጋ ሂጂ። መዝገቡን አይደለም የምታዪው፤ የሚጽፈውን ሰው ነው የምትጠይቂው። እንዴት እንደሚጽፍ፣ መቼ እንደሚጽፍ።»

አራቱ ጋ ሄድኩ። አምስተኛው ማርቆስ የሚሠራበት ነው፤ ከሁሉ የራቀ፣ በእግር ሁለት ሰዓት፣ ጭቃው እስከ ጉልበት። ያን ቅዳሜ ዘነበ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኳየር ልምምድ ነበረኝ፤ አዲስ መዝሙር፣ ብቻዬን የምዘምርበት ስንኝ ያለው። ሰኞ ጋሽ ዘለቀ «ሁሉንም ጠየቅሽ?» ሲሉኝ፣ «ጠይቄያለሁ» አልኩ። አመኑኝ።

ፕሮግራሙ ሠራ። እንዲያውም አምሮ ሠራ። ወር ሳይሞላ ግን ከተላከው ቡና አንዱ ጭነት ይሸታል ተብሎ ወሬ መጣ። የሽታው ምንጭ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው ምክንያት ሳይሆን ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ከፕሪንተሩ አስወጣ። የአራቱ ጣቢያዎች ቆይታ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት ሰዓት ይላል። ከማርቆስ ስም ፊት ለፊት ግን ስድሳ፣ ስድሳ፣ ስድሳ አንድ።

የእርሻው ካድሬ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየን። «አሻጥር ነው» አለ። ይህ ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ይበላ ነበር። ቃሉ የወደቀበት ሰው አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ወሬውም አይመለስም። ማርቆስን ዕለቱን ከገንዳው ላይ፣ ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ ወስደው ከተማው ፖሊስ ጣቢያ አስገቡት። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝላ በየቀኑ ምግብ ታመላልስ ጀመር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማንበብና መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ፊደሉ ክብ ክብ፣ ንጹሕ፣ የኩራት ጽሑፍ ነበር። ያው ጽሑፍ ነው ማስረጃ የሆነበት።

ጋሽ ዘለቀ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

«ይህ ልጅ ይህን ሊያደርግ አይችልም» አሉ።

«አቶ ዘለቀ፣ ኮምፒዩተር አይዋሽም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«አይዋሽም። የነገሩትን ግን ያምናል።»

ጉዳዩ ወደ አውራጃ ሊተላለፍ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ከተላለፈ እርሻው እጁን ይታጠባል፤ ማርቆስን የሚጠይቅ አይኖርም። ጋሽ ዘለቀ የኔን ፕሮግራም ሁለት ቀን አነበቡ። ለእትዬ በላይነሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መስመር በመስመር አስረዷት፤ አንድ ነገር ሲጠፋባቸው ምንም ለማያውቅ ሰው መናገር ልማዳቸው ነበር፤ አፋቸው ሲሰናከል ስህተቱ እዚያ ነው ይላሉ። አፋቸው አልተሰናከለም። በሦስተኛው ቀን የሰርዲን ጣሳዎቹን ከረጢት ውስጥ ከተቱ። «ነይ» አሉኝ።

ፖሊሱ ከረጢቱን ከፍቶ ቡናና ጣሳ ሲያይ ግራ ገባው። «ምንድነው ይሄ?»

«ሰዓት ነው» አሉት ጋሽ ዘለቀ። ዕብድ ነው ብሎ መሰለኝ ያስገባን።

ማርቆስ ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ቦት ጫማው አሁንም እግሩ ላይ ነው። ጋሽ ዘለቀ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። የምርመራ ነገር አላነሡም። «ማርቆስ፣ አንተ ማሽን ሁን፤ እኔ እማራለሁ። ያን ቡና ገንዳ ውስጥ ያስገባህበት ጊዜ አለ። ካስገባህበት አንሥተህ እስካወጣኸው፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ፍሬ ጣል» አሉት። መዝገቡን አልሰጡትም። በቃሉ ነው።

ማርቆስ ፍሬ አነሣ። «እሸት ከኛ ጋ በትራክተር ማታ ነው የሚደርሰው። መንገድ ሩቅ ነው። ፈልፍለን ስንጨርስ ሌሊት ስምንት ሰዓት» አለ። እስኪነጋ አራት ፍሬ ጣለ። ለቀኑ አሥራ ሁለት። ለሌሊቱ አሥራ ሁለት። በማግስቱ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ስምንት። ጋሽ ዘለቀ ጣሳውን ገልብጠው ቆጠሩ። ሠላሳ ስድስት። ማሽኑ ያለው ስድሳ። ሃያ አራት ፍሬ ጎደለ።

«ሃያ አራት!» አሉ፤ ፊታቸው ሲበራ አየሁት። «ልክ አንድ ቀን። ማርቆስ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስትጽፍ፣ ቀኑን ስንት አልክ?»

«አሥራ ሁለት።»

«እኩለ ሌሊት ካለፈ እኮ አሥራ ሦስት ሆኗል።»

ማርቆስ መጀመሪያ ጋሽ ዘለቀን፣ ከዚያ እኔን አየ። የሚቀለድበት መስሎት ነበር። «ሳይነጋ ቀን እንዴት ይቀየራል?» አለ።

ማሽኑ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ማርቆስ የሚቀይረው እንደ አባቶቹ፣ እንደኔም እናት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ሰዓቱን ወደ ማሽኑ ሰዓት ስመልስ ቀኑን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ቡናው ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ገንዳ ውስጥ እንደነበረ ተቆጠረ። አራቱ ጣቢያዎች እሸት በጊዜ ስለሚደርሳቸው ከእኩለ ሌሊት በፊት ይጨርሳሉ፤ ለዚያ ነው ያልተነኩት። አምስተኛው ጋ ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የሚነግረኝን ነገር፣ ማርቆስ ታስሮ ነው የነገረኝ። እሄዳለሁ ብዬ የቀረሁት ደግሞ መዝሙር ልለማመድ።

ጋሽ ዘለቀ ቀና ብለው አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አይደለም። ማርቆስም «እህቴ፣ አንቺ እኛ ጋ መጥተሽ አታውቂም አይደል?» አለኝ፤ ያለ ምንም ክፋት፣ ለጨዋታ። ጋሽ ዘለቀ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሱ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ዘለቀ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሁሉንም አስረዱ። ካድሬው አቋረጣቸው፦ «እንግዲህ ስህተቱ የማርቆስ ካልሆነ የማን ነው?»

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። መነሣት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም።

«የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ሥራ አስረክቤ ሄጄ አላረጋገጥኩም። ስህተቱ የኔ ነው።»

ማርቆስ ታስሮ አሥራ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ያን ዕለት ተፈታ። ጋሽ ዘለቀን አሻጥረኛ ሊሏቸው የፈለጉ ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁ ካድሬውን ስንት ለምኖ ወደ መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን አዛወራቸው። ያንን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን ማሽን ለስድስት ወር እንኳ አልጠገቡትም። የክፍሉን ቁልፍ ለማን ሰጡ? ለኔ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ከዚያ ወዲያ ስህተት በገጠመኝ ቁጥር ወደ መጋዘኑ መስኮት እሄዳለሁ። ከቡሎንና ከቺንጋ መካከል ብቅ ይላሉ፤ እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «እስኪ ከመጀመሪያው» ይሉኛል። አንድም ቀን አላኮረፉኝም። ይህ ነበር የሚያቃጥለኝ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ልሰናበታቸው ሄድኩና፣ «ጋሽ ዘለቀ፣ ያኔ እኔ ሳልሄድ ነው…» ብዬ ጀመርኩ። በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው አቆሙኝ። «ለኔ አትንገሪኝ። ደብተር አለሽ አይደል?» አሉ። አለኝ አልኩ። እስከ ዛሬ ስምንት ደብተር ሞልቻለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስይዣለሁ። ያችን አንዲቷን ግን በአንዱም አልጻፍኳትም።

ማርቆስ በደወለ በሳምንቱ ወደ ሚዛን በረርኩ፤ ከዚያ በሚኒባስ ቴፒ ገባሁ። ቀብሩ አልፏል። ማርቆስ አሁን የልጅ ልጅ ያለው፣ የራሱ ቡና ያለው ሽማግሌ ነው። ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ከወጡ በኋላ ከእነሱ ቤት አጠገብ ተከራይተው፣ ለሠፈሩ ልጆች በጣሳና በፍሬ ሒሳብ እያስተማሩ ኖረዋል። እኔ ባመት አንዴ ስልክ እደውል ነበር። ማርቆስ ግን በየቀኑ ይጠይቃቸው ነበር።

ላስቲኩን ፈታሁ። ሰማያዊው ደብተር ነው። ያችን ገጽ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። በእስክሪብቶ፣ በዚያ በተጣበበ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ «ምን ሆነ፦ ንጹሕ ሰው ታሰረ። ምን መሰለኝ፦ የተነገረኝን ማመን ደግነት መሰለኝ። ምን ነበር፦ ስንፍና። ማንን መጠየቅ ነበረብኝ፦ ማርቆስን።» የራሳቸውን ድርሻ ብቻ። ከእሷ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። አንድ መስመር የማያባክኑ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ ባዶ የተዉት ይህን ብቻ ነው። ቀጣዩ ስህተታቸው ከሚቀጥለው ገጽ ይጀምራል።

አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ማርቆስ ጓሮ ወጥቶ ነበር። እስክሪብቶ አወጣሁና ባዶው ላይ ጻፍኩ፦ «ምን ሆነ፦ ማርቆስ ባላጠፋው አሥራ አንድ ቀን ታሰረ። ጋሽ ዘለቀ ባላጠፉት ሥራቸውን አጡ። ምን መሰለኝ፦ አንድ ጣቢያ ቢቀር ምንም የማይሆን። ምን ነበር፦ ሳልሄድ ሄጃለሁ አልኩ፤ ስብሰባው ላይም ዝም አልኩ። ማንን መጠየቅ ነበረብኝ፦ ማርቆስን።» ስሜን አኖርኩበት።

ሲመለስ ደብተሩን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። መሠረተ ትምህርት እንዳስተማረው ጣቱን ከቃል ቃል እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። የጋሽ ዘለቀን ጨረሰ፤ የኔን ጀመረ። መሐሉ ላይ ጣቱ ቆመ። እዚያው ቆየ።

«ይህ ልክ አይደለም» አለ።

«የቱ?»

«አሥራ አንድ አይደለም፣ አሥራ ሁለት ነው። መጀመሪያ ያሰሩኝን ሌሊት አልቆጠርሽም።» ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ጓሮ ነበርኩ እኮ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ አሥራ አንዱን ሰረዝኩ፤ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ማርቆስ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። በር ላይ ወጥቶ ፀሐይዋን አየ፤ ተመልሶም ከስሜ ሥር፣ በዚያ ክብ ክብ ጽሑፉ፣ የገንዳውን መዝገብ ይሞላ እንደነበረው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ። ፈረመም።